ርካሹ ለምን ረከሰ? መሀል አዲስ አበባ በቅናሽ ስትሸምቱ ጥራቱን የምትለዩበት መንገድ

ቤታችን አራት ኪሎ ነው፤ አምስት ሰው ይበላበታል። ደመወዝ ከገባ በኋላ ባለው ቅዳሜ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ስመለስ ጎረቤት የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ «የት አገኘሽው?» ቀጥሎም «ዕቃው ግን ደህና ነው?»። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አንድ ሁለቴም ገንዘቤን ሜዳ ላይ ጥዬ ነው የተማርኩት።

የደረስኩበት ይህ ነው። ርካሽ ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዋጋው የወረደበት ምክንያት አለ፤ ያ ምክንያት ከታወቀ ምኑን መመርመር እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ካልታወቀ ዕቃውን መልሳችሁ አስቀምጡት።

1. ከዋጋው በፊት ምክንያቱን ጠይቁ

ባየሁት መጠን ዋጋ የሚወርደው በአራት መንገድ ነው። አንደኛው በመሀል ያለው እጅ ሲቀንስ ነው፤ የሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያ የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ሱቁ ራሱ ወጪ ሲቆጥብ ነው፤ ካርቶኑን ቀዶ ወለል ላይ የሚደረድር፣ ዕቃ የሚሸከምላችሁ ልጅ የሌለው፣ አሥር ዓይነት ፓስታ ሳይሆን ሁለት ብቻ የሚይዝ ቤት ማለት ነው። ሦስተኛው ቀኑ የቀረበ ዕቃ ነው። አራተኛው ደግሞ የጎደለ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥራቱ አይነካም። የአንድ ፋብሪካ ፓስታ ባለመስታወቱ ሱፐርማርኬት ቢደረደር፣ ሸማቾች ወለል ላይ ቢቀመጥ ያው ፓስታ ነው። ከተጠራጠራችሁ ማሸጊያው ላይ የታተመውን የምርት መለያ ቁጥርና የተመረተበትን ቀን አስተያዩ። ሦስተኛው ቶሎ የምትጨርሱት ከሆነ ትርፍ ነው፣ ካልሆነ ኪሳራ። አራተኛው በምንም ዋጋ ርካሽ አይባልም።

ስለዚህ «ይሄ ለምን ቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዲስ ዕቃ እየገባ ነው፣ አሮጌውን እየጨረስን ነው» ካላችሁ ቀኑን ተመልከቱ። «በብዛት ስለምናመጣ ነው» ካላችሁ በሌላ ቤት ካለው ጋር በኪሎ አወዳድሩ። «አይ እናቴ፣ እንዲሁ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ እኔ እጄን እሰበስባለሁ።

2. የትኛው ቤት ለምን ይሻላል

የቀበሌው ሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት ሲመጣ ተሰልፈን የምንወስድበት ብቻ ይመስለናል። ጤፍ፣ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ሳሙናም ይይዛል። መደርደሪያው አንዳንዴ ባዶ ነው፤ ያለው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ያሸገው ስለሆነ የሚያሳስብ ነገር የለውም። የምጠነቀቀው በጆንያ ለሚመጣው እህል ነው። ማኛ ተብሎ የመጣ ጤፍ ሠርገኛ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ እፍኝ ዘግናችሁ ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት፣ ቀዩ ቅንጣት ወዲያው ይለያል። አሸዋ መኖሩን ለማወቅ ቆንጠር አድርጋችሁ በፊት ጥርሳችሁ መካከል ሞክሩት።

«አለ በጅምላ» የተባለው መደብር በብዛት ለሚገዛ ሰው ነው። ከሌሎች የመንግሥት የንግድ ድርጅቶች ጋር በ2008 ዓ.ም. ተዋህዶ በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር የገባ የመንግሥት ድርጅት ነው። ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ካርቶን ብትካፈሉ ከሱቅ ዋጋ ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ሆኖ ይታያችኋል።

የእሁድ ገበያ ለአትክልት፣ ለሽንኩርትና ለእንቁላል ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ መጀመሪያ ጃንሜዳ፣ በኋላም ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ መሀል ከተማ ያለነው ሰዎች ሽንኩርቱ ቤታችን እስኪደርስ ሁለት ሦስት ትከሻ ይቀያይራል፣ የሁሉም ሒሳብ እኛ ላይ ነው። እሁድ ገበያ ይህን ያሳጥረዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ዋጋው ይወርዳል፣ የቀረው ቲማቲም ግን እጅ የበዛበት ነው። ለዚያው ቀን ድስት ከሆነ ግዙት፣ ለሳምንት አይሆንም።

3. ዋጋውን በኪሎና በሊትር አውርዱት

ቅናሽ የሚመስል ብዙ ዋጋ በማሸጊያው ውስጥ ተደብቋል። ለስሌት ያህል አንዱ ፓስታ 90 ብር፣ ሌላው 80 ብር ነው እንበል። እጅ ወደ 80ው ይሄዳል። ገልብጣችሁ ስታነቡ ግን የመጀመሪያው 500 ግራም፣ ሁለተኛው 400 ግራም ነው። በኪሎ ሲሆን 180 እና 200 ብር። ርካሹ ውድ ሆኖ አረፈው። ይህን ስልካችሁ ላይ ባለው ማስሊያ መደርደሪያው ሥር ቆማችሁ ሥሩት፤ ማፈር አያስፈልግም።

ዘይት ላይ ሌላ ነገር አለ። አንዱ ዕቃ 5 ሊትር፣ ሌላው 5 ኪሎ ብሎ ይጽፋል። አንድ ሊትር ዘይት ወደ 920 ግራም ስለሚመዝን 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ አካባቢ ነው፤ 5 ኪሎው ደግሞ 5.4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ዋጋቸው እኩል ከሆነ በኪሎ የተጻፈው ይበልጣል።

እኔ የምጠቀምባቸውን አሥራ አምስት ዕቃዎች በአንድ ደብተር ላይ ከነዋጋቸው እጽፋለሁ፣ በየወሩ አድሳለሁ። ያለ ደብተር «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው ቀይ ወረቀት ከምን እንደቀነሰ የሚያውቅ የለም።

4. ቀኑን በደንብ አንብቡ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ከእኛው ዓመት ላይ 7 እንደምራለን፣ ከዚያ በኋላ 8። የአገር ውስጥ ምርት ላይ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ዓ.ም. የሚለውን ፈልጉ። ዓመቱን ብቻ አይታችሁ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ወይም «ካለፈ ስምንት ዓመቱ ነው» እንዳትሉ።

ቀጥሎ የቀንና የወር ቅደም ተከተል አለ። 08/05/26 የሚል ማሸጊያ ያዛችሁ እንበል። ቀን ቀድሞ የሚጻፍበት አገር ምርት ከሆነ 8 ሜይ ነው፣ ማለትም ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.። ወር የሚቀድምበት አገር ከሆነ 5 ኦገስት ነው፣ ሐምሌ 29። ሦስት ወር ያህል ልዩነት አለው። የተመረተበትን ቀን አብራችሁ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከዓመቱ ሌላ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ካለ እሱ ቀን ነው፣ ሌላውም በዚያው ቅደም ተከተል ይነበባል።

ሁለት ዓይነት ቀን እንዳለም እወቁ። አንዱ «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚል ነው፤ ብስኩት፣ ፓስታ፣ ሻይ ላይ ይገኛል፣ የሚናገረውም ስለ ጣዕምና ስለ ጥንካሬ ነው። ሌላው «ከዚህ ቀን በፊት ይጠቀሙ» የሚለው ነው፤ ወተት፣ ሥጋ፣ እርጎ ላይ ይኖራል፣ እሱ የጤና ነው። የመጀመሪያው የቀረበበትን ብስኩት በግማሽ ዋጋ ካገኛችሁ ልጆች በሳምንት ይጨርሱታል። ሁለተኛው የቀረበበትን ወተት ለነገ ብላችሁ እንዳትወስዱት። ቀኑ አንዴ ካለፈ ደግሞ የትኛውም ቢሆን ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ መቀመጥ የለበትም።

ተለጣፊ ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። ካቻምና ካዛንቺስ አካባቢ ከአንድ ቤት ስድስት ጣሳ ሳልሳ በቅናሽ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስደረድር የአንዱ የቀን ተለጣፊ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ጣቴን ውኃ ነክቼ በጥፍሬ ጠርዙን ሳነሣው ሥሩ ሌላ ቀን በቀለም ታትሟል፤ አራት ወር አልፎታል። ደረሰኙን ይዤ ተመለስኩ። ሻጩ ልጅ ትሑት ነው፣ «እናቴ፣ እኮ አልተበላሸም፣ ከፈለጉ ይቅመሱት» አለኝ። «ካልተበላሸ ቀን ላይ ቀን ለምን ትለጥፋላችሁ የኔ ልጅ?» አልኩት። ብሬን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅናሽ ዕቃ ሳነሣ መጀመሪያ አውራ ጣቴን ቀኑ ላይ አሻሻለሁ፤ የታተመ ቀን ልሙጥ ነው፣ የተለጠፈ ጠርዝ አለው። አስመጪው የሚለጥፈው የአማርኛ ጽሑፍ ችግር የለበትም፣ ዋናውን ቀን ከሸፈነ ግን አይወሰድም።

5. ማቀዝቀዣውንና ጣሳውን ተመልከቱ

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ጀነሬተር የሌለው ቤት ዋጋው ቢረክስ አይግረማችሁ፣ የመብራቱን ወጪ አላወጣማ። የቀዘቀዘ ዶሮ ፌስታል ውስጥ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ካለው ወይም ቀልጦ የረጋ ቀይ ውኃ ከታች ካጠራቀመ አንዴ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ ተዉት። የወተት ፌስታል በእጃችሁ ስትይዙት መዳፋችሁን ማቀዝቀዝ አለበት። ተነፍቶ ከጠነከረ ውስጡ እየፈላ ነው።

ጣሳ ላይ ጎድጎድ ያለ ምት ብቻ ከሆነ፣ ስፌቱንና አፉን ካልነካ ችግር የለውም፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው በዚህ ነው። የተነፋ፣ የዛገ ወይም የሚያንጠባጥብ ጣሳ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

በጾም ጊዜ ደግሞ ልብ በሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት፣ እርጎና አይብ ፈላጊው ስለሚቀንስ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ዓርብ ቀን የምታገኙት ወተት ከረቡዕ ጀምሮ የቆመ ሊሆን ይችላል። ልጅ ስላላችሁ በጾምም ወተት የምትገዙ ከሆነ ቀኑን ሁለቴ አንብቡ። ቅቤ ግን በተቃራኒው ነው፤ ጾሙ መሀል ላይ ገዝቶ አንጥሮ ማስቀመጥ ለፋሲካ ሰሞን ከሚጠየቀው ዋጋ ያድናል።

6. ዕቃ በዕቃ

ሳልሰጋ በርካሹ የምገዛቸው አሉ፤ ፋብሪካ ያሸገው ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት፣ የልብስ ሳሙና። ሶፍት ላይ ብቻ አውራ ጣታችሁን አስገቡ፤ መሀሉ ያለው የካርቶን ቱቦ ሰፊ ከሆነና ጥቅሉን ስትጫኑት ከለሰለሰ ወረቀቱ ትንሽ ነው። በረኪና በውኃ ላስቲክ ተሞልቶ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ኃይሉ ደክሞ ይሆናል፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ልጅ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

ዘይት ብዙ ያነጋግራል። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሲበርድ የፓልም ዘይት ይደፈርሳል፣ ይረጋል። «ተበላሸብኝ» ብላችሁ አትደፉት፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ብታስቀምጡት ይጠራል። የሱፍ ዘይት በዚህ ብርድ አይረጋም፣ ስለዚህ ሱፍ ተብሎ የተሸጠላችሁ ጠዋት ረግቶ ካገኛችሁት ጠይቁ። ዋጋ ስታወዳድሩም ሱፍን ከሱፍ፣ ፓልምን ከፓልም ጋር ይሁን። ሌላው ነገር፣ ዘይት ላይ የሚጨመረው ቫይታሚን ኤ በብርሃን ይጠፋል፤ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ትታችሁ ከውስጥ ያለውን አስወጡ።

ጨው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ከጆንያ በጣሳ የሚሰፈረውን አትግዙ። አዮዲን መጨመር ግዴታ የሆነው እንቅርት ስላስቸገረን ነው። ታሽጎ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ውሰዱ፣ ቤት ስትደርሱም ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እርጥበትና ሙቀት አዮዲኑን ያባርረዋል።

አሁን ወደ አስቸጋሪዎቹ እንምጣ። የተፈጨ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ማር በዚህ ከተማ ባዕድ ነገር የማይቀላቀልበት የለም ብል አላጋነንኩም። በርበሬ ላይ ሸክላ፣ ቅቤ ላይ የአትክልት ቅባትና ሙዝ፣ ማር ላይ ስኳር። በርበሬውን ለማየት በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ነስንሱና ሳታማስሉ ተዉት። የበርበሬ ቀለም በዘይት እንጂ በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ ውኃው ወዲያው በቀይ ክር ክር እየሆነ ከወረደ ቀለም ተጨምሮበታል። ታች የሰፈረውን በጣታችሁ ስታሹት እንደ አሸዋ ከሻከረ ሸክላ ነው።

ቅቤን ግማሽ ማንኪያ በብረት ድስት አቅልጡ። ንጹሑ አረፋውን ካወጣ በኋላ ጥርት ያለ ቢጫ ይሆናል፣ ከሥሩ የሚቀረው ትንሽ ዝቃጭ ነው። ሙዝ ወይም ድንች ካለበት ከሥሩ የተድቦለቦለ ነገር ይቀራል። ያንን አቀዝቅዛችሁ ከፋርማሲ የሚገኝ አዮዲን ጠብ ብታደርጉበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለው። የአትክልት ቅባት ግን በዚህ አይያዝም፤ እሱን የሚለየው አፍንጫችሁ ነው፣ ለጋ ቅቤ ሲቀልጥ ቤቱን ያውደዋል። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር፣ የማር የክብሪት ሙከራ የሚባለውን፣ እኔ ትቼዋለሁ። የረጋ ማር ሐሰተኛ አይደለም፣ የሚንቀለቀለውም ክብሪት ምንም አያረጋግጥም። ማር ከማውቀው ሰው ካልሆነ አልገዛም።

ለበርበሬና ለሽሮ የእኔ መፍትሔ ርካሹን ጥሬ መግዛት ነው። ዛላውን በርበሬና ባቄላውን ወይም አተሩን በእሁድ ገበያ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ አምሶ ወፍጮ ቤት መውሰድ ከተፈጨው ይረክሳል፤ ምን እንደበላችሁም ታውቃላችሁ። ዛላውን ስትመርጡ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፤ ሻጋታ ያለበት ከውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ሻጋታውን ደግሞ መቁላትም መፍጨትም አያጠፋውም። ለውዝም እንዲሁ ነው፤ የጠቆረ፣ የተጨማደደና የሚመርር ፍሬ በርካሽ አይወሰድም።

በቅናሽ ጨርሶ የማልገዛው የሕፃን ዱቄት ወተት ነው። ክዳኑ የተነካ፣ ቀኑ የቀረበ፣ አስመጪው ያልተጻፈበት ከሆነ የማንም ቤት ቢሆን አልቀርበውም።

7. መጀመሪያ አንድ ብቻ ግዙ

የማታውቁትን ርካሽ ምርት በካርቶን አትጀምሩ። አንድ ውሰዱና ከምታውቁት ጋር ጎን ለጎን አብስሉት። ፓስታ ከሆነ በሁለት ድስት እኩል ውኃ ጣዱ፣ ከሁለቱም መቶ መቶ ግራም ጨምሩ፣ እኩል ደቂቃ ቀቅሉና ውኃውን በሁለት ነጭ ሳህን አጥልሉ። የደህናው ውኃ ስስ ነው፤ የደካማው እንደ አጥሚት ይወፍራል፣ ፓስታውም እርስ በርሱ ይጣበቃል። እኔ ይህን ስሞክር ከአምስት ርካሽ ፓስታ ሦስቱ ከውዱ ጋር ምንም ልዩነት አልነበራቸውም። ዛሬ ድረስ ከእነዚያ አንዱን ነው የምንበላው፣ ባለቤቴ እስካሁን የተቀየረ አልመሰለውም። ሩዝ ከሆነ ስባሪውንና ጠጠሩን ቁጠሩ። እንቁላል ከሆነ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ተጋድሞ የተኛው ትኩስ ነው፣ በሹል ጫፉ የቆመው ሰነባብቷል፣ የተንሳፈፈውን ጣሉት።

8. ደረሰኙን አትጣሉ

ቅናሽ ዕቃ ላይ «አይመለስም» የሚል ወረቀት ብታዩም ብልሽት ያለበት ዕቃ ጉዳይ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሱቁም ዋጋውን በሚታይ ቦታ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት አለበት። መልሱን ሒሳብ ተቀባዩ ፊት ቆጥራችሁ ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ፤ ቅናሹ ወረቀቱ ላይ ብቻ ሆኖ ማሽኑ ውስጥ ያልገባበት ጊዜ ገጥሞኛል።

ሱቁ እምቢ ካለ፣ ወይም ቀኑ የተለወጠ፣ አምራቹ ያልተጻፈበት፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ካገኛችሁ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ ስልክ ቁጥር 8482 ጥቆማ ይቀበላል። ስትደውሉ ማሸጊያውን አትጣሉት፤ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የገዛችሁበትን ሰፈር ስለሚጠይቋችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።